አባባ የጀመረው ክፍል

እህት ዓለም፣ ያሰብሽው ይሳካልሽ፤ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። ምርቃቱ የእማዬ ነው፤ ዓይኗ ስለደከመ የምጽፍልሽ እኔ ነኝ።

«ደህና ነን በላት» ብላኛለች። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። አባባ ከሞተ ወዲህ እኔ ደብተሬን ሳልገልጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። እማዬ ደግሞ የእሱን ሹራብ ስለብስ ትቆጣኛለች፤ ሳወልቀው፣ «ብርድ ሊመታህ ነው!» ትለኛለች።

ለአንቺ ብሎ የጀመረው ክፍል ግድግዳው ወገብ ላይ ደርሶ ቆሟል። ትናንት ግንበኛው መጥቶ፣ «እትዬ፣ መስኮቱን በየት በኩል ላውጣው?» አላት።

«አርክቴክቷ ልጄ ትንገርህ።»

«እሷ እኮ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ገና አላለፈችም!»

«አንተስ የቱን ፈተና አልፈህ ነው የምትገነባው?»

ከቀብሩ ወዲህ ገና ትናንት ሳቅን።

«ፈተናውን ትቼ ልምጣ» ያልሽውን ሳነብላት ግን ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ፣ አሁን ብትመጪ አብረን ከማልቀስ በቀር ምን እናደርጋለን? አባትሽ ፈቃድሽን ሳያይ ሄደ፤ እኔ እንኳ ልየው። በባዶ ሆድሽ አታጥኚ» ብላለች።

እኔ ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱን ብቻዬን ማጽናናት አቅቶኛል። ቢሆንም እማዬ ልክ ናት፤ ተፈተኚ።

እጅሽ አይዛል፣ ልብሽ አይሸበር ብላሻለች። የሚቀጥለው ግን የእኔ ልመና ነው፦ ፈተናው እንዳለቀ ውጤቱን ሳትጠብቂ ነይ።

ወንድምሽ