የአባትሽ ካሜራና ያንቺ አሮጌ ስልክ

ሳምቾንፖ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለቦሚ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴን እንደ ልማዱ ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። በስልክ እንዳላወራሽ፣ አባትሽ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ አጠገቤ ይቀመጥና ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ፎቶ አንሺ ልሆን ብለሽ ከቤት ስትሄጂ አውቶቡስ ተራ ላይ «ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሥራ ነው?» ብሎሽ ከተለያያችሁ ጀምሮ እሱ አንቺን አያናግርም፣ አንቺም እሱን። ሁለታችሁም ግን አንዳችሁ ስለ ሌላችሁ እኔን ትጠይቃላችሁ። መሐል ቆሜ መመላለስ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ይህን ጽፌ ከደረቀ ዓሣ ጋር ልኬልሻለሁ።

አሁን ወሬውን ስሚ። በአረጋውያን መዋያችን ከቹሶክ የመከር በዓል በፊት ሁላችንም የረጅም ዕድሜ ፎቶ እንነሳ ተባለ። ለቀብራችን የሚሆነው ፎቶ አስቀድሞ ከተነሳ ዕድሜ ይጨምራል አይደል የሚባለው። በየጊዜው ይመጣ የነበረው ፎቶ አንሺ ግን ዘንድሮ ቀረ። እኔም «ቦሚ ትታው የሄደችው ስልክ ምን አለው?» አልኩ። አባትሽ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«ሰው ለቀብሩ የሚሆነውን ፎቶ በስልክ አይነሳም» አለና በማግስቱ ካሜራ ሊገዛ ቡሳን ሄደ።

አሮጌ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ ሲደርስ ኮረዶች ሞልተውበት አገኘ። ለካ እናንተ ድሮ የጣላችሁትን ትንንሽ ካሜራ ዛሬ ልጆቹ እየተሻሙበት ነው። አንዷ እሱ ያነሳውን ብርማ ካሜራ አየችና፣

«አባባ፣ እሱን እኮ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ» ትለዋለች።

«አዲስ ስልክ ይዘሽ ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ስልኩ ሁሉን ያሳምረዋል። እኛ የምንፈልገው የድሮ የሚመስል ፎቶ ነው።»

«እኔ የማነሳቸው ሰዎች ራሳቸው የድሮ ናቸው። ለእኔ ይገባል» ብሏት ከፍሎ ወጣ። ይህን ሲነግረኝ እንደ ጎረምሳ ይስቅ ነበር።

እሱ ቡሳን ሳለ እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ከናምሄ ደሴት የተዳረችውን ጎረቤታችንን፣ እትዬ ናምሄን፣ በስልክሽ አነሳኋት። ጸጉሯን ተሠርታ ሐምራዊ የባህል ልብሷን፣ ሃንቦኳን፣ ለብሳ ነበር። ስልክሽ ያንን ሁሉ ሽብሽብ ጠርጎ አጠፋው፤ ጉንጯ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ እንኳ አልተወላትም። መጀመሪያ ደስ ብሏት ለሁሉም አሳየች። ቆይታ ግን ስልኩን መለሰችልኝ።

«የቦሚ እናት፣ ልጆቼ በቀብሬ ቀን ለፎቶዬ ሲሰግዱ ለማን ሊሰግዱ ነው? ይቺ እኮ ከምራቴም ታንሳለች።»

ፊት የሚያስውበውን ነገር ማጥፋት የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ብነካካው ጭራሽ የድመት ጆሮ አበቀለባት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አባትሽ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ጄኔራል ገባ። ሁላችንንም በተራ ግድግዳው ሥር አስቀመጠን። ፈገግ እንድንል «ኪምቺ በሉ» ይላል፣ የካሜራው መብራት ብልጭ ይላል፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። በኋላ ፎቶዎቹን ስናያቸው ዓይኑን የገለጠ አንድም የለ።

«ይሄ የረጅም ዕድሜ አይደለም፣ ዕድሜው ያለቀ ነው» አልኩት። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መዋያው ይሄዳል። መብራቱን አጠፋው፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ስለ ዓሣ ዋጋና ስለ ጉልበት ሕመም እያወራ መነሳታቸውን እስኪረሱ ይጠብቃቸዋል። እትዬ ናምሄ ከነሽብሽቧ፣ ከነነጥቧ ወጣች። ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔ ነኝ» አለች። እኔም አልቅሼያለሁ፣ ምን ልደብቅሽ።

የዚያን ዕለት እራት ላይ አፉን ሞልቶ እያኘከ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለካ ፎቶ ማንሳት ሥራ ነው» አለ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ጆሮው ቀላ። ሩዝ ጨመርኩለት።

አሁን የሁላችንም ፎቶ ፍሬም ገብቶ መዋያው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። የእኔንም አሳምሮ አንስቶኛል። ባዶውን የቀረው የእሱ ፍሬም ብቻ ነው።

«ና፣ በስልኩ ላንሳህ» አልኩት።

«አልፈልግም።»

«እሺ፣ በካሜራህ ይሁን።»

«አንቺ የሰው ጭንቅላት ትቆርጫለሽ።»

«ታዲያ ማን ያንሳህ?»

ካሜራውን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና ክፍልሽ ገብቶ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጠው።

ብርዱ ሳይጀምር ወፍራም ካልሲ ግዢ፤ ምሳሽንም ቆመሽ አትብዪ። የምትውዪበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ፣ ክፉ አይንካብኝ።

ነይ አላልኩሽም፤ እሱም አላለም። ግን አሁን ማንም የማይጠቀምበትን ካሜራ በየቅዳሜው ክፍልሽ ገብቶ ባትሪውን ይሞላዋል።

የምትናፍቅሽ እናትሽ