ቤቱ እያደገባቸው የኖሩት የመምህርት ይርጋነሽ ሽታሁን የሕይወት ታሪክ

መምህርት ይርጋነሽ ከአባታቸው ከአቶ ሽታሁን ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይነሽ ፋንታ፣ በ1947 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ቢቸና አጠገብ ተወለዱ። እናታቸው በስተርጅና እጅግ ጎብጠው፣ ቀና ብሎ ማየት ስላቃታቸው የመጣውን ሰው በጫማው የሚለዩ ሴት ነበሩ። ያን ጊዜ እርጅና ነው ተብሎ ታለፈ።

ትምህርታቸውን ቢቸና ተከታትለው፣ ደብረ ማርቆስ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1966 ዓ.ም. ሞጣ ተመደቡ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ሒሳብ አስተማሩ። ተማሪ ትክክለኛ መልስ ይዞ ሲመጣ እንኳ ቶሎ አይለቁትም፤ «በአንድ መንገድ ብቻ የመጣ መልስ ገና አልመጣም፤ ሂድና በሌላ በኩል አምጣው» ይሉት ነበር። በ1968 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ገላው ምንይሉ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ፍሬንና ባንተአምላክን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. ቢቸና ያለው የወላጆቻቸው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ሲል፣ ቤተሰብ ሁሉ የዘመዱን አጽም እንዲያነሣ ተነገረ። መምህርት ይርጋነሽም ወረዱ። የአባታቸው አጽም ከባድና ደህና ሆኖ ወጣ። የእናታቸው ግን፣ በዚያው አፈር ጎን ለጎን ተቀብረው ሳለ፣ እጅ ገና ሲነካው ምስጥ እንደ በላው እንጨት እየፈረሰ በነጠላቸው ላይ ዱቄት ሆነ። አላለቀሱም። ነጠላቸውን ሳያራግፉ አጥፈው ሞጣ ሲገቡ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ነገር እኔም ውስጥ አለ።»

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ማደግ ጀመረ። ነጠላ የሚሰቅሉበት ሚስማር ከእጃቸው ራቀ። የግድግዳው መስታወት ፊታቸውን ትቶ ግንባራቸውን ብቻ ያሳይ ጀመር። አቶ ገላው ደግሞ የቀሚሳቸውን ጠርዝ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጣት እያጠፉ ይሰፉላቸው ነበር። «የዘንድሮ ጨርቅ ሲታጠብ ይረዝማል» ቢሏቸው፣ «ጨርቁስ ይሁን ገላው፤ ግድግዳውን ማን አጠበው?» አሏቸው። ብቻቸውን ሲሄዱ የደረቀ ቅጠል የሚረገጥ ዓይነት ድምፅ ከኋላቸው ሰምተው ዞር ይላሉ፤ ማንም የለም። ድምፁ ከገዛ ጀርባቸው ውስጥ መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው።

በ2010 ዓ.ም. የሕክምና ቡድን ሞጣ መጥቶ፣ የተረከዝን አጥንት በድምፅ ሞገድ በምትለካ ትንሽ መሣሪያ ሰው ይመረምር ነበር። አቶ ገላው ውጤቱ ደህና ከሆነ ለእመቤታችን ባለዘርፍ ጃንጥላ ሊያገቡ ተሳሉ። ደህና ነው ተባለ። ነርሷ «ይህች ለማጣሪያ ናት፤ ወገብና ዳሌ በሌላ መሣሪያ ነው የሚለካው» ብላ ነበር፤ ነገር ግን አቶ ገላው በደስታ ከበሩ ወጥተው ነበርና ልብ ብሎ የሰማት የለም። ጃንጥላው በእልልታ ገባ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምርመራ መጠየቅ ለመምህርት ይርጋነሽ እመቤታችንን «አላመንሁሽም» እንደማለት ሆነባቸው። ቤቱ እያደገ፣ እሳቸው ዝም እንዳሉ ሁለት ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ ይህንኑ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ደምለው ነገሯቸው። ቄሱም አቶ ገላውን አስጠርተው፣ «አንተ ገላው፣ ጃንጥላውን ያገባኸው ለእመቤታችን ነው ወይስ ለማሽኑ?» አሏቸው። በ2012 ዓ.ም. ባልና ሚስት በደጀን አድርገው፣ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ።

በዚያም በጀርባ አስተኝቶ፣ ክንዱ ከላይ በቀስታ እያለፈ፣ በስሱ ራጅ የአጥንትን ጥግግት የሚለካ ማሽን ላይ ተኙ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ወገባቸው ደህና፣ ዳሌያቸው ግን በጣም የሳሳ ነበር። ሐኪሙ ጀርባቸውን በጎን በኩል በተራ ራጅ ሲያስነሣ፣ የአከርካሪያቸው አጥንቶች እንደ ተረገጠ ሣጥን ተደፍጥጠው፣ ጀርባቸውንም አጎብጠውት ታዩ። «የተደቆሰ አጥንት ስለሚጠቀጠቅ ለማሽኑ ጠንካራ መስሎ ይታየዋል፤ እማማ፣ እውነቱን የነገረን ዳሌዎ ነው» አላቸው።

«እንግዲህ ደህና ነኝ ያለው የተሰበረው ነዋ?»

«አዎ፣ እማማ።»

መምህርት ይርጋነሽ ወደ ራጁ ቀረብ አሉ። ከዚያም ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። «እናቴ ናት» አሉ። በክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

በየሳምንቱ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላቸው፤ ውጠውም ሳይተኙ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር። የአንዱ ማሽን ቁጥር ከሌላው ስለማይወዳደር በዚያው ማሽን እንዲለኩ ተነግሯቸው፣ ሁለት ዓመት ቆይተው ሲለኩ ዳሌያቸው ባለበት ጸንቶ ተገኘ። ሞጣ ሲመለሱ «ግድግዳው ቆመ» ብለው ለጎረቤት አበሰሩ። በኋላ ግን መንገዱ ሲዘጋጋ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠባቸው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ወንጌል ሲነበብ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደ ቆሙ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ። ሰዉ የተሰበረውን ለማየት ግራ ቀኝ ዞረ። እሳቸው ገና አልወደቁም ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ፤ ከዚያ ወደቁ።

ባሕር ዳር ተወስደው ዳሌያቸው ተጠገነ፤ የሳንባ ምች ግን ተከተላቸው። ስታስታምማቸው የነበረችው ልጃቸው ፍሬ ልታጽናናቸው ብላ፣ «ለእኔ አታስቢ እማዬ፤ እኔ ዓምና ተረከዜን ተለክቼ ደህና ተብያለሁ» አለቻቸው። «እኔም እኮ ተብዬ ነበር» አሏት። ጀርባዋን እንድታዞር አዝዘው፣ መዳፋቸውን ከአንገቷ ጀምረው ቁልቁል እያንሸራተቱ መጡና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ነው?»

ፍሬ ሕመሙን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር።

«ወገብሽንም ዳሌሽንም ተለኪ። ወገብሽ ደህና ነው ቢሉሽም በጎን አስነሺው» አሏት። ከሠልስት በኋላ ለመሄድ ቃል አስገቧት። ቃሏን እንዳታጥፍም ይህ ነገር በቀብራቸው ላይ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ እነሆ ተነበበ።

መምህርት ይርጋነሽ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ገላውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ከአንድ ትውልድ በላይ ያስተማሯቸውን የሞጣ ልጆች ትተዋል። ከማናቸውም ማሽን ይልቅ አጥንታቸውን የሚያውቀው አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለፍሬም ጊዜ ይስጣት። አሜን።