የእናቷ ሻሽ

ጥቅምት 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ አሰብ

ዛሬ መዋዕለ ሕፃናቱ ወላጆችን ጠራ። መምህርቷ ሕፃናቱን ንዴት መቻልና ከሰው ጋር መስማማት ታስተምራለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ተቆጣጣሪ ትምህርቱ ይጠቅም እንደሆነ በወረቀት ጠየቀን። ካልጠቀመ ይቀራል አለ። ለሌላው ሁሉ መምህርቷ ጻፈችለትና በአውራ ጣቱ ፈረመ። እኔ ግን መሠረተ ትምህርት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ወስጄ ራሴ እሞላለሁ አልኩ።

«እንግዲያው አባባ፣ ልጅቷን አይተው ይሙሉት» አለችኝ መምህርቷ።

አየኋት። ሟች ልጄ የተወችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ሙቀት የእናቷን ሻሽ ሳታቅፍ አትተኛም። ማታ ቤት ውስጥ ልፈትናት ብዬ ፊቷ ቆሜ ሻሹን ለሁለት ቀደድኩት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በረጅሙ እየተነፈሰች እስከ አሥር ቆጠረች። እንባዋ ግን ይወርዳል።

«አባባ፣ ከፍቶኛል» አለች። «እርስዎም ከፍቶዎታል?»

ሚስቴን ስቀብር እንኳ ይህን የጠየቀኝ የለም።

«አፍሽን ዝጊ!» አልኳት። ወረቀቱ ላይ «ምንም አልተለወጠችም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ጎበዝ ናት ብዬ።»

ጉልበቴን ሳመች። ከሻሹ አንዱን ቁራጭ ለራሷ ያዘች፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠችኝ። መካፈል አስተምረዋታል።

ወረቀቱን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። መሰረዝስ ይቻል ነበር። ግን የተሰረዘ ወረቀት ባቀርብ፣ ሽማግሌው መጻፍ አያውቅም ይሉኛል።