በአራት መቶ አሥራ ሁለት ጥቅስ የተቀበሩት ፀጉር ቤቶች

ይድረስ ለክቡር የንግድ ሥራ ፋኩልቲ ዲን፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሙሉ ጤናዎና ከነጥቅስ ቁጥርዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በሦስተኛው ፎቅ ከፎቶ ኮፒው ክፍል ጎን የምቀመጠው የገበያ ጥናት መምህር፣ ውሌ መታደሱ ወይም መቅረቱ እስከሚታወቅበት እስከ ነገ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቀደም ሲል በግል የነገርኩዎትን፣ ሥራ በዝቶብዎት ስለረሱት፣ የሚያስታውስዎት ሰው ይብዛ ብዬ በጋዜጣ መጻፉን መረጥኩ።

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት። በሕንፃችን መግቢያ የተሰቀለው ስክሪን ጥናትዎ በሌሎች ጽሑፎች አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ እንደተጠቀሰ ትናንት አብስሮናል። ከስክሪኑ አጠገብ ያለው ሊፍት ከተበላሸ ስለከረመ፣ በሕንፃው ውስጥ ያለማቋረጥ ወደ ላይ የሚወጣው የእርስዎ ቁጥር ብቻ ነው። በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት በትልቁ አዳራሽ የዓመቱ ባለ ከፍተኛ ተጽዕኖ ተመራማሪ ተብለው ሲሸለሙም ከሚያጨበጭቡት አንዱ ለመሆን ተመኝቼ ነበር።

ጥናቱን ላላነበቡ፣ ማለትም ከጠቀሱት ሰዎች ለአብዛኞቹ፣ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ክቡርነትዎ ከእህትዎ ልጅ ጋር ሆነው ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ በከተማችን ከአሥር ፀጉር ቤቶች ስምንቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚዘጉ አረጋግጠዋል። ምክንያቱም ባለቤቶቹ ዘመድ አዝማድ እየሰበሰቡ መሥራታቸው ነው ብለዋል። ይህን ከእህትዎ ልጅ ጋር ሆኖ መጻፍ የሚጠይቀውን ድፍረት ሳላደንቅ አላልፍም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ፦ ጥናትዎን ከማንም በላይ አክብሬ ስለነበር፣ እነዚህ ፀጉር ቤቶች ለምን እንደሞቱ በዝርዝር ላጠና ተነሣሁ። ከጥናቱ ጀርባ የሟቾቹን አድራሻ ይዤ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ፊቴን አጥቁሬ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ኋላ ባለው መንገድ ወረድኩ። የመጀመሪያው ሟች በሩ ተከፍቶ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። ሁለተኛው ወረፋ ይዟል። ሦስተኛው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ እሱ ስለሆነ መሞቱን ቤተሰቡ እንዴት እንደደበቀኝ ገረመኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነገሩን ሳጫውተው ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ፣ «እንግዲያው ይሄ የሬሳ እጅ ነው፤ አትነቃነቅ» አለኝ። አጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው ደግሞ ከደንበኛው ጆሮ ላይ ሳሙና እየጠረገ፣ «ሞተዋል ከተባልን ግብሩ ይቅርልን እንጂ፣ ጋሼ፤ ሞተንም ከፍለንም አይሆንም» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ቀጥሎም ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ፦ «ዲናችሁ ቅዳሜ እዚሁ ወንበር ላይ ነበሩ። እኛ ከሞትን ማን ነው ያስተካከላቸው?»

ሁለተኛ፦ ይህ ምሥጢር እንዴት እንደተፈጠረ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ክቡርነትዎ በቅንነት ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽፈውታል። መረጃው የተሰበሰበው የፋኩልቲው መኪና ነፃ በሚሆንበት ቀን፣ ሰኞ ነው። በሩ ዝግ የተገኘ ቤት «ሥራ ያቆመ» ተብሎ ተመዝግቧል። ለጥንቃቄ ሲባል ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ አረጋግጧል፤ እሱም ሰኞ። በከተማችን ፀጉር ቤቶች ሰኞ እንደሚያርፉ ከክቡርነትዎና ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሊቃውንት በቀር የማያውቅ የለም። በሕይወት ተገኙ ከተባሉት ጥቂቶች አንዱ እንኳ ያን ቀን የከፈተው ግድግዳ ሊያስቀባ መሆኑን ባለቤቱ አጫውቶኛል። መኪናው ነፃ የሚሆነው እሁድ ቢሆን ኖሮ ቡድንዎ የከተማውን ባንኮች በሙሉ ቀብሮ፣ የራሳችንንም ፋኩልቲ ጨምሮበት በተመለሰ ነበር።

ሦስተኛ፦ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለሻይ ሰዓት ጨዋታ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያ መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ሱቆቹ በሚቀጥለው ወር ይፈርሳሉ። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሻጩና ስልክ ጠጋኙ በአዲሱ የመናኸሪያ ሕንፃ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ፀጉር አስተካካዮቹ ግን ተከልክለዋል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁ ዘርፉ እንደማይዘልቅ በጥናት ተረጋግጧል ተባሉ። ጥናቱ የእርስዎ ነው። አጎቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ቦታውን ወደሚደለድለው የመናኸሪያው ቢሮ ሄዶ፣ «ይኸው በእግራችን መጣን፣ አልሞትንም» ቢል ኃላፊው በትሕትና፣ «አባት፣ የታተመን ነገር በአፍ አንሽርም፤ ቦታው ተደልድሎ ሳያልቅ የታተመ ማረሚያ አምጡ» ብሎ ሸኘው። ድልድሉ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ጥቂት ቢታገሡ ጥናትዎ እውነት ይሆናል፤ ሞቱ ብለው የጻፉላቸው ሰዎች በጽሑፍዎ ምክንያት ይሞታሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተጽዕኖ በየትኛውም ስክሪን ላይ አይመዘንም።

አራተኛ፦ ማረሚያውን ጽፌ ጥናትዎ ወደታተመበት መጽሔት ከመላኬ በፊት በአክብሮት ቢሮዎ ይዤ መጥቼ ነበር። ሻይ አዘዙልኝ። ጽሑፉን ሳይገልጡ በመዳፍዎ ወደ እኔ መልሰው ገፉና፣ «ልጄ፣ አራት መቶ ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻህን ልክ?» አሉኝ። ከአራት መቶዎቹ የሚበዙት የራሳችን ተመራቂዎች መሆናቸውን፣ የክቡርነትዎ ስም የሌለበት የመመረቂያ ጽሑፍ ለፈተና እንደማይቀርብ፣ ስለ ዶሮ እርባታ ግብይት የጻፈች ተማሪ ሳትቀር ፀጉር ቤቶችን እንድትጠቅስ መገደዷን ላስታውስዎ አፌን ስከፍት የእኔ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት አልኩ። «አንዱን ራስህ ነህ የጠቀስከው» አሉ። ልክ ነዎት። ሌላውን የጠቀሰው የሚስቴ ወንድም ነው፤ እሱን ባለማንሣትዎ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ።

ጽሑፉን ግን ላክሁት፤ ተቀባይነትም አገኘ። ያኔ የክቡርነትዎ ቸርነት በጽሑፍ መጣልኝ፦ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ከመጽሔቱ ካወጣሁት ውሌን ራስዎ ያሳድሱልኛል፤ ካላወጣሁት ደግሞ «የጥቅስ ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነ መምህር» ተብዬ እሸኛለሁ። እንዳልቸገርም የምፈርምበትን አራት መስመር አርቅቀው አያይዘውልኛል። በራሴ መረጃ ላይ ስህተት ማግኘቴን ይናገራል። እኔ የሄድኩት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው።

ይህን ለሚስቴ አሳየኋት። ነርስ ናት፤ ነገር አታስጌጥም። «ፀጉር ቤቶቹ አልሞቱም ብለህ እኛን ልትገድለን ነው?» አለች። «የልጆቹን ትምህርት ቤት በአጎትህ መቀስ ልትለውጠው?» አጎቴን ጠየቅሁት። ፎጣውን አራግፎ አጠፈና፣ «የኔን ነገር ተወው፤ መቀስ የያዘ ዛፍ ሥርም ይሠራል። አንተ ግን እንጀራህን አትድፋ» አለኝ። አጎቴን ሳይቀልድ ሲናገር ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አራቱ መስመሮች ሳምንቱን ሙሉ ስክሪኔ ላይ ተቀምጠው ፊርማዬን ሲጠብቁ ሰነበቱ።

ዛሬ ጠዋት ለመጽሔቱ አዘጋጅ የጻፍኩት መልስ አንዲት ቃል ናት፦ ይታተም። ክቡርነትዎ ይህን ጋዜጣ በሚገልጡበት ሰዓት ጽሑፉ ወጥቷል፤ አጎቴም ቅጂውን ይዞ መናኸሪያው ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቦታውን ይስጡት አይስጡት አላውቅም። የእኔን ዕጣ ግን ስለማውቀው መጻሕፍቴን በካርቶን አስገብቻለሁ፤ የክፍሉን ቁልፍም ለጸሐፊዎ አስረክቤአለሁ።

ቢሆንም ባዶ እጄን አልለይዎትም። በጽሑፌ የክቡርነትዎን ጥናት በሙሉ ስሙ፣ በሙሉ ገጹ ጠቅሻለሁ። ቆጣሪው ሙገሳና እርማት ስለማይለይ ስክሪንዎ ነገ አራት መቶ አሥራ ሦስት ይላል። ይህ አንዱ ጥናቱን ካነበበ ሰው የመጣ መሆኑን ግን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

የቁጥርዎን ዕድገት የማያቋርጥ ያድርግልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ቁጥሩ ሁለት የሆነው፣
እስከ ነገ እኩለ ቀን የገበያ ጥናት መምህርዎ

ማስታወሻ፦ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ማክሰኞ ጠዋት በመሆኑ፣ ፎቶ ላይ አምረው እንዲታዩ ከዋዜማው ለመስተካከል ማሰብዎ አይቀርም። አጎቴ አልተቀየመዎትም፤ ወንበሩም ምላጩም ዝግጁ ነው። ብቻ አደራዎን፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይምጡ። ሰኞ ከመጡ ሞተው ያገኟቸዋል።