ስለ ሽርጤ ከሥራ መታገድ

ሆሊውድ

ውድ እህቴ ሎሬና፣ እንዴት ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የገረድ ሽርጤ ከሥራ መታገዱን በታላቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ። የድምፅ ሠራተኛው ስንቀሳቀስ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ «እትዬ ኦፓል፣ ይህ ሽርጥ ከመሪዋ ተዋናይት ይበልጥ ያወራል!» ብሎ አስወለቀኝ። ባለጌ!

ድምፅ በሌለው ፊልም አሥር ዓመት ገረድ ሆኜ ስወድቅ፣ ካሜራ የያዘው ሳይቀር በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። ፊልም መናገር ከጀመረ ወዲህ ግን ቀረጻው አልቆ ደወል እስኪደወል መሳቅ ክልክል ነው። ትናንት ከነሾርባው ስንከባለል ማንም ጥርሱን አላሳየም። ሕጉ ነው እንጂ ፈንድተው ይሞቱ ነበር! ዳይሬክተሩም ለሚቀጥለው ፊልም አልጠራኝም፤ ረስቶ ይሆናል።

እናታችንን ሳሚልኝ፤ ሥራ በሥራ ሆናለች በያት።

እህትሽ ኦፓል

እርማት፦ ከላይ «ሕጉ ነው» የተባለው በስሕተት ስለሆነ፣ «ደወሉ ተደውሎ መሳቅ ከተፈቀደም በኋላ ዝም አሉ» ተብሎ ይነበብ።