በሁዳዴ ያኮረፉ ምድጃዎች

ለባሌ ለደምሴ፣

ከተለያየን መንፈቅ ሞላ። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ ስልህ ኖሬያለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የጓዳ ነውና አንተ እልሃለሁ። ንዳዱ በጥቅምት ወሰደህ፣ አሁን ሚያዝያ ሊያልቅ ነው። ሮቢት እንደምታውቃት ናት፤ ከረፋዱ ጀምሮ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ነው። ጃንሆይ ወደ ደሴ ሊያልፉ ነው ተብሎ የመንገድ ዳር አጥር በሙሉ ኖራ ተቀባ፤ የኛም ተቀብቷል። ተዝካርህን እንደ አቅማችን አውጥተናል። እኔ ደህና ነኝ። ብዙም አላለቀስኩም። ሴቶቹ ዓይነ ደረቅ ብለው አሙኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

በተዝካርህ ማግስት ወንድምህ ጋሼ ጌታነህ አስቀምጠው አነጋገሩኝ። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ የደምሴን የምድጃ መጠገኛ ሣጥን እወስዳለሁ፣ አንቺም ደብረ ሲና ከኛ ጋር ትኖሪያለሽ አሉ። የላምባ ምድጃ በሴት እጅ ሲነካካ ይፈነዳል ብለው ይፈራሉ። ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን በዚያ ጉም ውስጥ፣ በሰው ማጀት፣ ወጥ ላማስል ወይስ ልቀመጥ እያልኩ ስሳቀቅ መኖር አልፈለግሁም። እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ፣ ያኔ ሥራውን ካልቻልኩት ሣጥኑንም እኔንም ይውሰዱ አልኳቸው።

እንዲህ የደፈርኩት ሥራህን በጆሮዬ ስለማውቀው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ለገበያተኛው ስትናገር ሰምቻለሁ። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ አፍንጫው ሳይሞቅ ተለኩሷል፣ ወይም ቀዳዳው ጥላሸት ይዟል። ላምባ ላምባ ከሸተተ ክብሪት አትጫሩ፤ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡትና አረፋው የሚያብጥበትን እዩ። ፓምፑን ስትጫኑት መልሶ እጃችሁን ካልገፋ ውስጡ ያለው ቆዳ ደርቋል። ዳዊት የምትደግም ነበር የምትመስለው። ምድጃውን ከመንካትህ በፊትም ማን ነካካው ብለህ ትጠይቅ ነበር፤ ቀዳዳውን በመርፌ ቁልፍ የጎረጎረችው ሴትዮ ዝም ስትል፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላታለህ። ለነሱ ይህን ሁሉ ስትነግር ለኔ አንድ ቀን እንኳ ነይ ላሳይሽ አላልከኝም። እስካሁን ቅር ይለኛል።

እስከ ጥር ድረስ አራት ምድጃ ጠገንኩ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

መጀመሪያ የደከመው የራሴው ምድጃ ነው። ፓምፑ እጄን አልገፋ አለ፤ ቆዳው ደርቋል ማለት ነው። አንተ ሞራ ትቀባው እንደነበር አውቃለሁ። ግን ድስቱን በአመድ ፈትጌ፣ የፍስክ ዕቃውን ቆጥ ላይ ሰቅዬ፣ እንዴት ብዬ ሽሮ የሚበስልበት ምድጃ ውስጥ ሞራ ልክተት? የኑግ ዘይት ቀባሁት። እምቢልታ የተነፋ ይመስል እየጮኸ ነደደ። ኮራሁ፤ ኮርቼም ዝም አላልኩም። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ፤ ከቀወት ለገበያ የሚወርዱትም ሴቶች ሰምተው ስንት ዓመት ጾም ስንገድፍ ኖረናል እያሉ ምድጃቸውን አመጡልኝ። በአንድ ሳምንት ከስድስት ምድጃ ሞራ ጠርጌ ኑግ ቀባሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለኔ ነው።

በአሥረኛው ቀን የኔው ፓምፕ ሙጫ የፈሰሰበት ይመስል ግትር አለ። በገበያው ቀን ስድስቱም ተመልሰው መጡ፤ ሁሉም እንደዚያው። ቀዳዳውን በመርፌ ጠረግሁ፣ ላምባውን ቀየርኩ፣ ሳሙና ቀባሁ፤ ወይ ፍንክች። አንዷ፣ ምድጃዎቹ ለደምሴ አኩርፈው ነው ብላ አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅሁም። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጋሼ ጌታነህም ቃላቸውን አይረሱም።

በዚያው ሳምንት የጠገንኩት ሆኖ ደህና የሚነደው የእትዬ ዘሀራ ብቻ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡት። ሄጄ ምን እንዳደረግሁለት ጠየቅኋቸው። «እንዴ፣ ሞራውን ከኔው ቤት ሰጥቼሽ አይደል የቀባሽው?» አሉኝ። እውነት ነው። የኛ እርድ ለሳቸው፣ የሳቸውም ለኛ ስለማይሆን ሞራውን በቁራጭ ላስቲክ ጠቅልለው እሳቸው ነበሩ ያመጡት። «ደምሴም አላህ ይዘንለትና እንዲሁ ነበር። ለናንተ በጾማችሁ ጊዜ ደግሞ ከካሚዮን ሹፌሮች የሞተር ዘይት እየለመነ ይቀባላችሁ ነበር፤ አታውቂም እንዴ?» አሉ።

አላውቅም ነበር። ሣጥንህ ውስጥ ትንሽ ቆርቆሮ ዘይት ነበረች፤ ለአርባህ ቤት ሳጸዳ ቆሻሻ መስሎኝ አጥር ሥር ደፍቻታለሁ። ተናደድኩብህ ደምሴ። ጨርቅ ነጋዴ የምታውቀውን ሚስትህ አታውቅም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ብትነግረኝ ኖሮ የመኪና ዘይት ከምግቤ አጠገብ አይደርስም ብዬ እጣላህ ነበር። ይህን ስለምታውቅ ይሆናል ዝም ያልከው።

ሰባቱንም ቆዳ አውጥቼ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤ ኑጉ ደርቆ የሆነውን ሙጫ በጥፍሬ ፋቅሁ። ሁለቱ አልድን ቢሉ ካሮጌ ጫማህ ምላስ ቆርጬ ተካሁ። አትቆጣ፤ ጫማው ለማንም አይሆንም ነበር። ሻይ ሊጠጣ ከቆመ ሹፌር የሞተር ዘይት ለመንኩ፣ ቆዳውን አሸሁ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ ገለበጥኩ። ለሆሣዕና ሁሉም ነደዱ።

ጋሼ ጌታነህ የፋሲካ ማክሰኞ ከአውቶቡስ ወረዱ። ጆንያ ይዘዋል። ለሣጥኑ መሰለኝ። ከጆንያው የወጣው የሚስታቸው ምድጃ ነው፤ ጥቂት ነድዶ ይጠፋል አሉ። ላምባውን ብርጭቆ ውስጥ ቀድቼ አስቀመጥኩት፤ ሲሰክን ከሥሩ ውሃ ታየ። ታንከሩን አደረቅሁ፣ ደህና ላምባ ሞላሁ፣ ለኮስኩት። ሰማያዊውን ነበልባል ብዙ አዩት። «ደምሴም እንዲህ ነበር የሚሠራው» አሉ። ምድጃቸውን ይዘው ተሳፈሩ፤ ስለ ሣጥኑ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም እዚሁ ቀረሁ።

ባለፈው ገበያ አንዲት የሩቅ ሴት ምድጃ ተሸክማ መንገድ ስትጠይቅ ሰማሁ። እትዬ ዘሀራ «የሺ ቤት ውሰጂው» አሏት። እስከ ፋሲካ ድረስ፣ አንተ ከሞትክም በኋላ፣ ደምሴ ቤት ነበር የሚባለው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። የሴትዮዋን ምድጃ ሠርቼ ሸኘኋት። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቼ፣ በቀብርህ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ቤትህን ላድን ስታገል ስምህን ከቤቱ ያስወጣሁት እኔው ሆንኩ።

ሰው ቢረሳህ አልፈርድበትም። ምድጃው ከነደደለት ስለ ጠጋኙ ምን አስጨነቀው? እኔ ግን ይህን ቃል እሰጥሃለሁ፤ ከእንግዲህ ቤታችን ገብቶ የደምሴ ቤት ይህ ነው ወይ የሚል ቢጠፋ፣ እኔው ጠይቄ እኔው አዎ እላለሁ።

ሚስትህ የሺ