የአቡ ዝያብ ጉድጓዶች ተራ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
ከተማችን ከረክ ቀዝቅዛለች። የምሠራበትን የድምፅ ማኅደር ፋይሎች ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ ሰርቨር ሳዛውር ዋልኩ። ዲስኩ ያቃስታል... ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። ምሳ ፈላፍል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ወድሓ መጣች፣ የአቡ ዝያብ ልጅ። አባቷ ዘመዶቻቸው ከነግመሎቻቸው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የተጓዙበትን ረጅም ግጥም፣ መሰንቆ መሰሉን ረባባቸውን እየመቱ ለዓመታት ቀድተውልን ነበር። በመጡ ቁጥር አንድ ጉድጓድ። ፋይሎቹ ስም የላቸውም። ተራውን የሚናገረው የተቀዱበት ቀን ብቻ ነው።

"አሁን የኔንም ስም ይረሳል" አለች። "ጨርሶ ሳይጠፋበት አንዴ ከዳር እስከ ዳር ይስማው።"

ሰርቨሩን ከፈትኩ። የሁሉም ፋይል ቀን ትናንት! ክው አልኩ።

"እና መንገዱ ጠፋ?"

"ቆይ እስቲ" አልኳት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
ገባኝ። ፋይሉ ተገልብጦ ሲያልቅ ፕሮግራሙ የድሮውን ቀን ሊመልስለት ይሞክራል። ሰርቨሩ ግን ቀን የሚያስነካው የፋይሉን ባለቤት ብቻ ነው። የገባው ሁሉ ደግሞ በአለቃዬ በጋሱብ ስም ነው የሚመዘገበው። እኔ መጻፍ እችላለሁ፣ ቀን መንካት አልችልም። መጻፍ የተፈቀደለት ሁሉ ቀኑንም እንዲለውጥ የሚያደርግ አንድ የሰርቨር ቅንብር መስመር አለ። ጨመርኩት። አሁን ፋይሎቹን ከአሮጌው ዲስክ እንደገና መገልበጥ አለብኝ።

ጋሱብ ሳቀብኝ። "ለአንድ መስመር ነው እንዲህ የገረጣሽው?"

"ዲስኩ ሌላ ዙር ባይችልስ?"

ሳቁን ተወ። ከሰዓት በኋላ ዲስኩ አልነሳም አለ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ተነሳ! ትንፋሼን ውጬ እስከ መጨረሻው ገለበጥኩት። ቀኖቹ አብረው መጡ። በቀን ደርድሬ፣ በየፋይሉ የተጠሩትን ጉድጓዶች ካርታ ላይ በጣቴ ተከተልኳቸው... ከአንዱ ጉድጓድ ወደሚቀጥለው፣ አንድም ሳይዘል። የሰው መንገድ እኮ ነው። ፋይል ላይ ባለች ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀምጦ! ጣቴን ከካርታው ላይ ማንሳት አቃተኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9
አቡ ዝያብ መጡ፣ ወድሓ ደግፋቸው። "ይቺ ደግ ልጅ የማን ናት?" አሉኝ። የርስዎ ናት አልኳቸው። ወድሓ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ድምፁን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ። የመጨረሻው ፋይል አለቀ። እሳቸው ግን ያልቀዳነውን ጉድጓድ ስም ጠሩ። ካቆሙበት ቀጠሉ!

እንዴት ማይክ እንደከፈትኩ አላውቅም። ሦስት ጉድጓድ ሄዱ። ወድሓ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔም።

ሲሄዱ አዲሱን ፋይል አየሁት። ቀኑ ዛሬ ይላል። እውነትም ዛሬ።